ነበልባል የሚጠጣው ሞተር፣ የጋፋት እቶንና የዕድራችን አሮጌ ሊስተር

በባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ተነሥቶ ሳይቋጭ ያደረ ነገር እንዳለ ታስታውሳላችሁ። ይኸውም አንድ አባላችን ወፍጮ ቤቱን በመብራት ሲያደርግ ለዕድሩ የሰጠው አሮጌ የሊስተር ሞተር ጉዳይ ነው። ግማሹ ሰው «ለቁራሌው ይሸጥና ለድንኳን ሸራ መጠገኛ ይሁን» አለ። ሦስት የሰፈራችን የቴክኒክ ተማሪዎች ደግሞ «ካሚቻውንና ፒስተኑን ስጡን፤ በነበልባል የሚሠራ ትንሽ ሞተር በእጃችን እንሥራበት፤ ከዕቃ ቤቱም ጥግ ፍቀዱልን» ብለው በጽሑፍ አመለከቱ። «ኋላ ይፈነዳና ለራሳችን ድንኳን እንድንተክል ያደርገናል» ያለ ሰውም ነበረ፤ ሳቅ ሆነና ነገሩ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ።

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ነን፤ መዶሻ ይዘን አናውቅም። ነገር ግን አንድ ነገር ከመወሰኑ በፊት መዝገቡን ገልጦ ማየት ልማዳችን ነው። እንግዲህ የሞተር ቅርጽና የሞተር ብረት ስለ መምረጥ በዓለምም በአገራችንም ከዚህ በፊት ምን እንደተደረገ፣ በተለይም ከደጃችን ከጣና ላይና ከደብረ ታቦር አጠገብ ምን እንደተሞከረ፣ ያነበብነውን ለጉባኤው ልናቀርብ ነው።

መጀመሪያ ልጆቹ የሚሉት ሞተር ምን እንደሆነ እንወቅ። ነበልባል ጠጭ ብንለው ያስኬዳል። አንድ ወገኑ የተዘጋ ሲሊንደር አለ፤ በተዘጋው ወገን ላይ ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ ፊት የስፒሪት ኩራዝ ይነድዳል። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ የነበልባሉን ትኩስ አየር ስቦ ያስገባል። ወዲያው ቀጭን መዝጊያ ቀዳዳዋን ትከድናለች። የገባው ትኩስ አየር በሲሊንደሩ ግድግዳ ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፤ ውስጡ ባዶ እየሆነ ሲሄድ የውጭው አየር ፒስተኑን ገፍቶ ይመልሰዋል። ፒስተኑ ሲመለስ ቮላኖውን ያዞራል፣ ቮላኖው ደግሞ ፒስተኑን መልሶ ይስበዋል። በቃ ይኸው ነው።

ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት አያስፈልግም፤ በብርጭቆ ዋግምት የታገመ ሰው ያውቀዋል። ብርጭቆው ውስጥ ክር ይነድና ቶሎ ብሎ ገላ ላይ ይደፋል፤ ሲቀዘቅዝ ሥጋውን ይስበዋል እንላለን። እውነቱን ለመናገር ብርጭቆው አይደለም የሚስበው፤ የውጭው አየር ነው የሚገፋው። ሞተሩም የሚዞር ዋግምት ነው።

እዚህ ላይ ለልጆቹ የምንነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ እኛ ደገኞች ነን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ ዱርቤቴም ከዚያ አይወርድም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በምጽዋ ወደብ ካለው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ወደብ ላይ አየሩ ቢበዛ በ7 ኪሎ ክብደት ይገፋዋል፤ እኛ ዘንድ ግን 6 ኪሎ አይሞላም። ይህም ውስጡ ፍጹም ባዶ ቢሆን ነው፤ ፍጹም ባዶ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ፈረንጅ አገር የተሣለውን ሥዕል እንዳለ ገልብጦ «ለምን አልዞረም» ብሎ መበሳጨት አይገባም። ፍትጊያው ከሥዕሉ የቀለለ፣ ፒስተኑም ሰፋ ያለ መሆን ይኖርበታል። ከመጠን በላይ ሰፊም አይሁን፤ ትልቅ ሲሊንደር ውስጥ የገባ አየር ቶሎ አይቀዘቅዝምና።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በአየር ክብደት የሚሠራ ሞተር አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 ከከሰል ድንጋይ ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሞተር ተክሎ ነበር። እሱ የተጠቀመው በነበልባል ሳይሆን በእንፋሎት ነው፤ ሲሊንደሩን በእንፋሎት ይሞላና ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፤ እንፋሎቱ ውሃ ይሆንና ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ የውጭው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይጭነዋል። የመጀመሪያዎቹ ሲሊንደሮች ከምን ተሠሩ? ከነሐስ ነው። ነሐስ ውድ ነው፤ ግን በዝቅተኛ እሳት ይቀልጣል፣ ለመፋቅም ይመቻል። ከ1720ዎቹ ጀምሮ ኮልብሩክዴል በተባለው ቦታ ያሉ ብረት አቅላጮች ከጊዛ ሲሊንደር ማፍሰስ ሲችሉ ነው ዋጋው የረከሰውና ሞተሩ የበዛው።

ቀጥሎ የመጣው ጀምስ ዋት ነው። ስሙን ሁላችን ሰምተናል። ዋት የተሻለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1765 አግኝቶ ሳለ ለዓመታት ያህል በወጉ የሚሠራ ትልቅ ሞተር ሊያወጣ አልቻለም፤ ሲሊንደሩን ፍጹም ክብ አድርጎ የሚቦረቡርለት አጣ። መፍትሔው የመጣው ከየት ይመስላችኋል? ከመድፍ ቤት ነው። ጆን ዊልኪንሰን የተባለ ብረት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1774 ለመድፍ መቦርቦሪያ ያወጣው መሣሪያ የዋትን ሲሊንደር ለመቦርቦር መንገዱን ከፈተ። መድፍና ሲሊንደር አንድ ናቸው እኮ፤ አንድ ወገኑ የተዘጋ ክብ ጉድጓድ ነው ሁለቱም። ይህን አንድ ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ጋፋት ስንደርስ ያስፈልገናል።

ነበልባልን ራሱን ወደ ሲሊንደር የማስገባቱ ነገርም ቆየት ያለ ነው። ሳሙኤል ብራውን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1823 በለንደን ጋዝ በሲሊንደር ውስጥ አንድዶ፣ በውሃ አቀዝቅዞ፣ በሚፈጠረው ባዶነት የሚሠራ ሞተር አስመዘገበ፤ በ1826 ሠረገላ ላይ ጭኖ ሹተርስ ሂል የሚባለውን ዳገት አስወጥቶታል። በ1867 ደግሞ በፓሪስ የዓለም ትርኢት ላይ ኦቶና ላንገን የተባሉ ሁለት ጀርመኖች በአየር ክብደት የሚሠራ የጋዝ ሞተር አቅርበው የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው የመኪና ሞተር አባት ይኸው ኦቶ ነው።

ይህችን 1867 የምትባለውን ዓመት ያዙልን። ፓሪስ ላይ የአየር ሞተር ሲሸለም፣ በዚያው ዘመን በቤጌምድር የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ከነሐስ ትልቅ ጉድጓድ እያፈሰሱ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን የሰፈራችንን ታሪክ እንናገር፤ ጣና ከእኛ ሩቅ አይደለምና። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1866 በዘጌ አካባቢ ሰፍረው ሳሉ በጣና ላይ የሚሄድ ባቡር መርከብ እንዲኖራቸው ፈለጉ። ይህን የምናገኘው በንጉሡ እጅ እስረኛ ከነበረው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከሄንሪ ብላንክ መጽሐፍ ነው። ሁለት ትልልቅ የደንገል ታንኳዎች ተሠሩ፤ በላያቸው እንጨት ተረበረበ፤ በግራና በቀኝ መንኰራኵር ተገጠመላቸው። መንኰራኵሩን የሚያዞረው ሰው ነበር፤ እንደ ሞረድ ድንጋይ በእጅ እየተዞረ።

እንግዲህ ፈረንጁ እንደ መሳቂያ አድርጎ ጽፎታል። እኛ ግን ስናነበው አልሳቅንም። ቅርጹ ልክ ነው። ባለ መንኰራኵር መርከብ በዚያን ዘመን በየወንዙ በአውሮፓም በአሜሪካም ይሄድ ነበር። የጎደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መንኰራኵሩን የሚያዞር እሳት፤ ሁለተኛው ዕቃው። ደንገል ለዓሣ አጥማጅና ለማገዶ ነጋዴ የተመቸ ነገር ነው፤ ቀላል ነው፣ ከዳር ይታጨዳል። ውሃ ግን ይጠጣል። ታንኳ ሠሪዎቹ ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለዚህ አይደለም ወይ? ብዙ ሰውና መድፍ ጭኖ ውሃ ላይ የሚያድር መርከብ ከደንገል አይወጣም። ታንኳ የሚሠሩትን ወገኖች ጠይቆ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ይነግሩ ነበር ብለን እናስባለን፤ ይጠየቁ አይጠየቁ መጽሐፉ አይናገርም።

ወደ ጋፋት እንመለስ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አካባቢ ከቅዱስ ክሪሾና የመጡትን የወንጌል መልእክተኞች ያሰፈሩት እዚያ ነው። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከእነርሱ ውስጥ ነበሩ፤ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ነበሩበት። መልእክተኞቹ የእጅ ሙያ የተማሩ ቢሆኑም መድፍ ማፍሰስ የሚያውቁ አልነበሩም። ንጉሡ መድፍ ሥሩ ባሉ ጊዜ «አናውቅም» አሉ። ንጉሡ ደግሞ «አናውቅም» የሚል መልስ የሚወዱ ሰው አልነበሩም፤ አሽከሮቻቸውን አሳሰሩባቸው። እንሞክር ብለው ቃል ገቡ።

ዋናው ችግር ሥዕሉ አልነበረም። የመድፍ ሥዕል ከመጽሐፍ ይገኛል። ችግሩ እሳቱና ጭቃው ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ እቶኑ ሙቀቱን አልቻለውም። ብረት አቅልጣለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ የማይቀልጥ ጭቃ መፈለግ አለበት፤ ምድጃው ከሚያቀልጠው ነገር የጠና ካልሆነ ራሱ ምድጃው ነው የሚፈሰው። ደጋግመው ሞክረው፣ የሚችል ሸክላ አግኝተው፣ አነስተኛ መድፍ ባፈሰሱ ጊዜ የንጉሡ ደስታ ወሰን አልነበረውም።

ለምን ነሐስ መረጡ? አገራችን ብረት አጥታ አይደለም። ቀጥቃጮቻችን ከጥንት ጀምሮ ከድንጋይ ብረት ያወጡ ነበር። ነገር ግን በወናፍና በከሰል የሚወጣው ብረት አይፈስስም፤ እንደ ሊጥ ለስልሶ ከአመዱ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ ከዚያ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ቆሻሻው ይወገዳል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦር ይሆናል፤ መድፍ አይሆንም። ንጹሕ ብረት ለመፍሰስ 1500 ዲግሪ አልፎ ይፈልጋል፤ ጊዛ እንኳ 1150 ገደማ። ነሐስ ግን በ1000 ዲግሪ አካባቢ እንደ ውሃ ይሆናል። የጋፋት እቶን የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው። ኒውኮመን ከ150 ዓመት በፊት የመረጠውን ነገር እነዚህም በራሳቸው ችግር ተመርተው መረጡት ማለት ነው።

ቅርጹንስ? ንጉሡ ትልቁን ሲፈልጉ አጭርና አፈ ሰፊ መድፍ ሆነ የወጣው፤ ሴባስቶፖል ይባላል፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በእኛ አስተያየት ይህ ከሙያ አንጻር የማስተዋል ምርጫ ነው። ረጅም መድፍ ለመቦርቦር ትልቅ ቶርኖ ይጠይቃል፤ እነሱ ዘንድ እንደ ዊልኪንሰን ያለ መቦርቦሪያ አልነበረም። አጭርና ሰፊ የሆነው ግን በሸክላ ቅርጽ እንዳለ ሊፈስስ ይችላል።

አሁን ከላይ ያስያዝናችሁን አንድ ነገር አምጡ። መድፍና ሲሊንደር አንድ ናቸው ብለናል። ጋፋት ላይ 7 ቶን ነሐስ በአንድ ጊዜ አቅልጦ አንድ ወገኑ የተዘጋ ክብ ጉድጓድ ማውጣት የቻለ እጅ ነበረን ማለት ነው። የቀረው መቦርቦሪያ፣ ልክ የሚገጥም ፒስተን፣ ሰላምና ጊዜ ነበር። ብዙ ነው የቀረው፤ እናውቃለን። ግን ከምንም የተጀመረ አልነበረም።

ንጉሡም ይህ አልጠፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ የጠየቁት ሠራተኛና መኪና ነው፤ ከጠየቁት ውስጥ ለማቅለጫ ቤት የሚሆን አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር ይገኝበታል። ሠራተኞቹም ዕቃውም ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። በእስረኞቹ ጉዳይ ስምምነት ስላልተገኘ እዚያው ከርመው በ1867 ተመለሱ። ሞተር ደጃፋችን ደርሶ የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። እስረኛ ይዞ ዕቃ መጠየቅም ያው እንደምታዩት ነው፤ ይህን ያህል ብለን እንለፈው።

በዚያው ዓመት በፈረንጆች ኦክቶበር ወር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ እየጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ እየተቆረጠ፣ ቋጥኝ እየተፈነቀለ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገጥሙ በንጉሡ ስም የተጠራው ትልቅ መድፍ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ ባሩዱ በዝቶበት ነው ይባላል። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዞች ጋር ከአገር ወጡ። ዋልድማየር ኋላ ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁሟል። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያየ አባል ይኖራል።

እቶኑን ተረክቦ የሚቀጥል ሰው ለምን ጠፋ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ጦርነቱ ብቻ አይመስለንም። ብረት የሚነካ ሰው በአገራችን እንዴት ይታይ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። ቀጥቃጩ የሠራው ማረሻ ይወደዳል፣ ቀጥቃጩ ግን «ዐይነ ጥላ፣ ቡዳ» ይባላል። ከማዕዱ የማይቆርሱ፣ ልጁን የማያገቡ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ቢበዛ ነው። ዕድራችን ከቀጥቃጭ ቤት አስከሬን ሲወጣ እኩል ይሸከማል፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ ሞተር ልሥራ ብሎ ሲያመለክት ግን ሳቅን። ከሦስቱ አመልካቾች የአንዱ አያት ማጭድ ይሠሩልን እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል።

እንግዲህ «ይፈነዳል» ለሚለው ስጋት መልስ እንስጥ። መድፍ የሚፈነዳው የባሩዱ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ነው። የእንፋሎት ጋንም እንዲሁ። ይህ ሞተር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ግፊቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ከአየር ክብደት በላይም አይሄድም። ቢሰነጠቅ ፉት ብሎ ይቆማል እንጂ አይበተንም። የዚህ ሞተር አደጋ ሌላ ነው፤ ስፒሪቱ ነው። የዕድራችን ድንኳን ባለበት ዕቃ ቤት ውስጥ ስፒሪት የሚያነድድ ኩራዝ፣ ይህ ነው የሚያስፈራው። (በስፒሪት ፋንታ ዳግም አረቄ ይነድዳል ያለም አለ። ይነድዳል፤ ግን ከኩራዙ የሚተርፈው ወዴት እንደሚሄድ ስለምናውቅ አንፈቅድም።)

ስለ ዕቃው ምርጫ ከልጆቹና ከአንድ የቶርኖ ቤት ባለሙያ ጋር ተነጋግረናል። ነሐስ ለዚህ ሥራ አልተመረጠም። ለማፍሰስ ይመቻል ብለን አወድሰነው ነበር፤ ግን በነበልባል ፊት ከጊዛ ይልቅ ብዙ ይሰፋል፤ ፒስተኑ ከሌላ ብረት ከሆነ አንዱ ሰፍቶ ሌላው ሲቀር ወይ ያሾልካል ወይ ይነክሳል። ሁለቱም ከአንድ ጊዛ ቢወጡ እኩል ይሰፋሉ፤ ጊዛ ደግሞ በውስጡ የእርሳስ ከሰል ያለበት ስለሆነ ደረቁን ይንሸራተታል። ዘይት ማድረግ አይቻልም፤ ዘይቱ በነበልባሉ ተቃጥሎ ሙጫ ይሆንና ይይዘዋል። ከልጆቹ አንዱ ድሮ በጤና ጣቢያ እየተቀቀለ ይወጋ የነበረውን የመስታወት ስሪንጅ አስቦ ነበር። አሳቡ ደግ ነው፤ ስሪንጁ ያለ ዘይት ይንሸራተታል፣ አየርም አያሾልክም። ነገር ግን እሳት በቀጥታ ሲልሰው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለመማሪያ እንጂ ለዋናው አይሆንም። ቀዳዳዋን የምትከድነው መዝጊያ ከምላጭ ትወጣለች፤ ቀጭን፣ ለጥ ያለች፣ የምትለጠጥና የማትጣመም መሆን አለባት።

የሊስተሩ ካሚቻ እንዳለ አያገለግልም። ውስጡ 114 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ለነበልባል ጠጭ እጅግ ሰፊ ነው፤ አየሩ በውስጡ ሳይቀዘቅዝ ፒስተኑ ይመለሳል። የሚፈለገው ብረቱ ነው። ከአሮጌው ሞተር ላይ ሁነኛ ውፍረት ያለው ጊዛ ተቆርጦ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ሲሊንደርና የምትገጥማት ፒስተን በቶርኖ ይወጣሉ። ሞተሩ ቢዞር ጤፍ አይፈጭም፤ ይህን ልጆቹም ያውቃሉ። ትንሽ ማራገቢያ ቢያዞር ብዙ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉባኤ የሚከተለው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እናመለክታለን። ካሚቻው፣ ፒስተኑና ከዋናው አካል ላይ ባለሙያው የሚመርጠው አንድ ቁራጭ ጊዛ ለሦስቱ ልጆች በፊርማ ይሰጥ። ትልቁ ቮላኖ፣ ኮሎውና የቀረው ሁሉ ተመዝኖ ለቁራሌው ይሸጥ፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ለሸራው የታሰበው ገንዘብ ብዙም አይጎድልበትም። ሥራው በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን በስተ ጀርባ ባለው በቆርቆሮው ጥላ ሥር ይሁን። ስፒሪቱ ከግማሽ ሊትር አይበልጥ፤ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጥ። አንድ ባልዲ አሸዋም ከአጠገቡ አይጥፋ።